ያልወለደች አራስ

ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ይህን ብቻ አንብባ ወረቀቱን የምታስቀምጥ ልጅ ካለች አልቀየማትም፤ ከሁሉ የሚጠቅማት እሱ ነው። የቀረውን የምጽፈው ሁለት ሴቶች ያደረጉልኝን ሳልናገር መሞት ስለማልፈልግ ነው። ደግሞም ያላደረጉልኝን ሰዎች ስላልረሳሁ ነው። የትኛው እንደሚያይልብኝ አትጠይቁኝ።

የማልጽፈውም ነገር አለ። ፅንሱን ማን እንዳስወረደችልኝ፣ በምን እንዳስወረደችልኝ፣ ቤቷ የት እንደነበረ አልናገርም። ያኔ ጠመንጃ ይዘው መጥተውበት ያልተናገርኩትን ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ አልዘረግፈውም። አክስቴን ደግሞ በዚህ ጽሑፍ «አለች» እያልኩ እጠራታለሁ። በሕይወት ሳለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ ይበቃታል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወላጆቼ የሚኖሩት አጋሮ አካባቢ ባለች ትንሽ የቡና ከተማ ነበር፤ እኔ ጅማ ቦሳ ኪቶ፣ የአባቴ እህት ዘንድ ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ። ቡና ሲደርስ ትምህርት ይዘጋና ተማሪው በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ መንግሥት ቡና እርሻ ይዘምታል። ቀን ቀይ ቡና እንለቅማለን፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ላይ እንተኛለን። የቡድናችን መሪ አንድ ጓድ ነበር። ስሙን አልጽፍም። በሕይወት አለ፤ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ የተጣላ ለማስታረቅ ይጠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሺ ብለሽው ነበር ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ የሌሊት ጥበቃ ተራ የሚደለድለው እሱ ነበር።

ጅማ ተመልሼ የወር አበባዬ ቀረ። ለሱ ነገርኩት። «ለዘመቻ ሄደሽ የተማርሽው ይህንን ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገር ነበር። ፅንስ ማስወረድ ወንጀል ነበርና ያላገባች ተማሪ ሐኪም ቤት ሄዳ እርዱኝ የምትልበት በር አልነበረም። ስለዚህ ሌላ በር አንኳኳሁ። ይሄው ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጥርሴ እስኪፋጭ ተንቀጠቀጥኩ፤ ሲመሽ ደግሞ እንደ ምጣድ ጋልኩ። ከቡና ለቀማ የተመለሰ ሰው ሲንቀጠቀጥ ጅማ ውስጥ ሌላ ነገር የሚያስብ የለም። ከክፍላችን ግማሹ ወባ ይዞት ተኝቷል። አክስቴ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችና «ወባ ነው» አለች። እኔም እፎይ አልኩ። ለውሸቴ ልብስ ያለበሰችልኝ እሷ ናት፤ ልኬ ሆነና ለበስኩት።

የወባ ክኒን ዋጥኩ። ክኒኑ ሰውነቴን አሳከከኝ፤ ትኩሳቱ ግን አልሄደም። አክስቴ ጊንጆ ወዳለ አንድ ድሬሰር ወሰደችኝ። ድሬሰር ይባል የነበረው ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማረ የጤና ሠራተኛ ነው፤ ሰዉ ግን «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየ፣ ምላሴን አየ፣ ሆዴን አልነካም። የወር አበባሽ መቼ መጣ ብሎ አልጠየቀኝም። ከአክስቴ ጋር ስለ ቡና ዋጋ እያወራ መርፌ ወጋኝ። ሳይሻለኝ ስንመለስበት «ወባው ከተስቦ ጋር ተደርቦባት ነው» አለ። እሱንም አመንነው። አክስቴ ያመነችው ማመን ስለፈለገች ነው። እኔ ደግሞ እንደማይሆን እያወቅሁ፣ ምናልባት እውነት ተስቦ ቢሆንስ እል ነበር። የፈራ ሰው የማይሆነውን ሁሉ ይመኛል።

የእምብርቴ ታች እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ስራመድ እያጎነበስኩ ነው። ደም ነበረ፣ ሽታም ነበረው። ጨርቄን አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ከጓሮ አጥባለሁ፣ ከቡና ተክሉ ሥር አሰጣለሁ። ሌሊት ሌሊት የምፈራው ሞትን አልነበረም፤ ሞቼ ሲያጥቡኝ የሚያዩትን ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ምን ያህል እንደሚያደነቁር ያልደረሰበት አያውቀውም።

አንድ ረፋድ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። ስኳር ያኔ ወርቅ ነው። አክስቴ ተራ ያዢልኝ ብላ እኔን አስቀድማ ላከችኝ፤ ቆይታ መጣችና ከፊቴ ቆመች። ከኋላዬ የቆሙት አዴ ዘሀራ ነበሩ፤ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ገበያ ላይ ኮረሪማና ዝንጅብል የሚሸጡ የጅማ ሙስሊም ሴት። «አዴ» በኦሮምኛ እንደ «ወይዘሮ» ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይጠራቸዋል። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልነበራቸውም። አክስቴ ዶሯቸው አጥር አልፋ መጣች በሚል ነገር ለረጅም ጊዜ አኩርፋቸው ነበር።

ፀሐዩ በረታ። ጆሮዬ ውስጥ የንብ ድምፅ መጣ። ከዚያ የማስታውሰው መሬቱ ላይ ሆኜ የሰው እግር ሲከበኝ ነው።

«ወባ ነው! ወባ ነው! ውሃ ስጧት!» ትላለች አክስቴ።

አዴ ዘሀራ ሊያነሱኝ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ከሥሬ ሲያወጡት ደም ነበር። ቀሚሴ ከኋላ ርሷል። ሰዉ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የገባው ሰው ዝምታ ነው።

«የወንድምሽ ልጅ እየሞተች ነው» አሏት አዴ፣ አክስቴን። «ኮቱ፣ ነይ እንጂ፣ በዚህ በኩል ያዢ!»

አክስቴ እኔን አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ ሱቁን አየች። ሊከፈት ነበር። ዘንቢሏን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «እኔ የማውቀው ነገር የለም። ወባ ነው ብላ ነው ያታለለችኝ» አለች። ሰልፏን አልለቀቀችም።

ይህን ዛሬ አይደለም የጻፍኩት። ብዙ ዘመን በልቤ ስጽፈው ኖሬያለሁ።

አዴ ዘሀራ ሰልፋቸውን ትተው ወጡ። ነጠላቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ ጠመጠሙት። በዚያ ሲያልፍ የነበረ ባለጋሪ፣ ጋሽ ተካ የሚባል፣ ፈረሱን አቁሞ አንስቶ ጫነኝ። መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር እጮሃለሁ፤ አዴ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ፤ ጋሽ ተካ ደግሞ ፈረሱን እንደ ሰው ይለማመጠዋል፤ «ቀስ በል የኔ ጌታ፣ በሽተኛ ይዘናል፣ ዛሬን ብቻ ቀስ በል።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው እንደ ገበያ ነው። በአግዳሚው ጫፍ ጎኔን አስደግፈው አስቀመጡኝ። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ምኗን ነው የሚያማት አለ። እኔ ከልማድ «ወባ» አልኩ። ቀሚሴን አየና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣

«ወባ ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ በኩል የሚደማው?» አለ። የሳቁ ነበሩ።

አዴ ዘሀራ አጭር ሴት ናቸው፤ አገጫቸው የመስኮቱ ደፍ ላይ ነው የደረሰው። «አንተስ እናትህ አንተን ስትወልድ በጆሮዋ ነው የደማችው?» አሉት። ቀድመው የሳቁት አሁን በሱ ሳቁ። ካርዱን ጻፈ።

ጠበቅን። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው ይሉናል፣ ምሳ ወጥቷል ይሉናል። አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ አልፋ ስትሄድ «አስወርዳ ነው፤ ትጠብቅ፣ ራሷ ናት የፈለገችው» አለቻት ለጓደኛዋ። ድምፅዋን አልቀነሰችም። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የነበረች ሴት ልጇን አቅፋ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች።

ሲስተር አስካለ የመጡት ያኔ ነው። የማዋለጃው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጫማቸው ከሩቅ የሚሰማ፤ ሲመጡ ሠራተኛው ሁሉ የሚሠራው የሚያገኝ። ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም፣ ኋላም አላየሁም። ፊቴን አዩ፣ እጃቸውን አንገቴ ላይ አደረጉ፣ ወደ ነጭ ለባሿ ዞሩና «ይቺ ልጅ መሬት ላይ ሳትወድቅ አልጋ አምጪ» አሉ። ሌላ ቁጣ አልተናገሩም። ልጅቷ ሮጠች።

መጋረጃ ጋረዱ። አዴን ውጭ እንዲቆዩ አደረጉና ጎንበስ አሉልኝ።

«ስሚኝ። ወባ ነው ብትዪኝ የወባ መድኃኒት ሰጥቼሽ ትሞቻለሽ። እውነቱን ብትነግሪኝ እንድትድኚ እሠራለሁ። የምትዪኝ ነገር ከዚህ መጋረጃ አይወጣም።»

ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞርኩ።

«ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁሽም። እሱ የኔ ሥራ አይደለም። ምን እንደሆንሽ ነው የጠየቅሁሽ።»

ነገርኳቸው። ስጨርስ አልተቆጡም፣ አላዘኑም፣ ከንፈር አልመጠጡም። ሆዴን በቀስታ ተጫኑና ያለብኝን እንደ ትልቅ ሰው አስረዱኝ፤ ማሕፀኔ ውስጥ የቀረ ነገር አለ፣ ያ ነገር አመርቅዟል፣ መግሉ ደሜን መርዞታል፣ ትኩሳቱም ብርዱም ከዚያ ነው፤ ወዲያው መጠረግ አለበት። «ያመጣሽ ሰው አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ አሁን አናወራም ነበር» አሉ። ከዚያ ቀዶ ጥገና ላይ ነው የተባለውን ሐኪም ራሳቸው ሄደው ይዘውት መጡ። እንዴት እንዳመጡት አላውቅም፤ እጁን እያደረቀ ነበር የመጣው።

ማሕፀኔን ጠረጉት። የማደንዘዣ እጥረት ነበር፤ ያለውን ሰጡኝ፣ ሁሉን አላደነዘዘውም። ሲስተር አስካለ በራስጌዬ ቆመው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥርሴን ነክሼ ዝም ስል፣ «ጩኺ» አሉኝ። «ወላዶቹ እየጮኹ አንቺ ለምን ትከለከያለሽ?» ጮኽኩ። ከቡና እርሻው መጋዘን ጀምሮ ያልጮኽኩትን ሁሉ ጮኽኩ።

ሌላ ክፍል ስላልነበረ ያስተኙኝ ወላዶች መካከል ነው። በግራም በቀኝም ሕፃን ይጮኻል። አንዷን ወላድ የምታስታምም ሴት «ይቺ ደግሞ ምን ወልዳ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ በጆሮዋ ነገረቻት፤ መጋረጃቸውን ወደ እኔ በኩል ሳቡት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ክንዴ ላይ መድኃኒት ይንጠባጠባል። መትረፌ ገና ደስ አላለኝም ነበር።

ጠዋት ሲስተር አስካለ ገቡ። ጫማቸውን ሰማሁት። ከበሩ ጀምረው አልጋ በአልጋ ይዞራሉ፤ እያንዳንዷን ወላድ መጀመሪያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፣ ከዚያ ይመረምራሉ። ወላድ የምትባለው ይህ ነው፣ በዚህ አገር ሌላ ሰላምታ የላትም። የጎረቤቴ አልጋ ደረሱ። ቀጥሎ የኔ ነው። ይዘሉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ከፊቴ ቆመው ይጠብቃሉ።

«መልሱን አታውቂውም እንዴ?»

«ማርያም... ማርያም ታኑርዎ።»

«እንዲያ ነው» አሉና ሙቀቴን መለኩ። መጋረጃዋን የሳበችው አስታማሚ ገና አፏን ከፍታ ስታያቸው፣ እየጻፉ ሳይዞሩ፣ «ከሞት የተመለሰችን ሴት እኔ በሌላ ቃል አልቀበልም። አንቺ ሌላ የምታውቂ ከሆነ አስተምሪኝ» አሏት። ሴትዮዋ መጋረጃውን መለሰችው። ከሊሙ የመጣች፣ አማርኛ የማትችል ወላድ በስተግራዬ ነበረች፤ ነገሩ ይግባት አይግባት እንጃ፣ እጇን ዘርግታ ክንዴን ነካችና «በጋ ነጋን ሂካምቴ» አለችኝ። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ ማለት ነው። ያን ቀን በመትረፌ ደስ አለኝ።

ስወጣ አክስቴ አልመጣችም። ሳልወጣም አልመጣችም። የመጡት አዴ ዘሀራ ናቸው፣ ገበያቸውን ዘግተው። ሲስተር አስካለ በር ላይ አቆሟቸውና ትእዛዝ ሰጡ፦ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ በደንብ ትብላ፣ ትተኛ፣ ትኩሳት ከተመለሰ በሩጫ አምጧት። አዴ ሲሰሙ ቆዩና «ሲስተር፣ ይህን ሁሉ እኔ አላስታውስም» አሉ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ይያዙ። አራስ ናት። እንደ አራስ ያዟት።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ አዴ። «ኢንሻ አላህ።»

ሲስተሯ ነገሩን ለማሳጠር ይሆናል ያሉት። አዴ ዘሀራ ግን ቃል በቃል ወሰዱት። ጓዳቸውን ጠርገው መኝታ አነጠፉልኝ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ፣ ከትራሴ ሥር ቢላዋ አደረጉ። አናቴን ቅቤ ቀቡኝ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀትር ላይ አጥሚት። አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላልና፣ ገበያ ሲሄዱ ከቅመም ሻጭ ጓደኞቻቸው አንዷን ያስቀምጡብኛል፤ ኮረሪማዋን እየፈለፈለች ታጫውተኛለች። ሥጋ ሌላ ጉዳይ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እስላም ያረደውን አልበላም፤ እሳቸው ደግሞ ክርስቲያን ያረደው ቤታቸው አይገባም። ምን አደረጉ? ያቺን አክስቴን ያጣላቻትን ዶሮ ይዘው ጋሽ ተካ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ተካ ባረካት፣ ሚስቱ ሠራቻት፣ በሷ ድስት በጋሪ መጣችልኝ። አዴ ድስቱን አልነኩም፤ ከሩቅ ሆነው «ብይ፣ ጨርሺ፣ አጥንቱንም ብይ» እያሉ አስጨረሱኝ። ድስቱን ጋሽ ተካ መልሶ ወሰደ።

የቅመም ሻጮቹ እውነቱን ያውቁ ነበር። ግን አራስ ጥየቃ ነው የመጡት፤ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። አንዷ ቀልደኛ «ልጁስ ወዴት አለ፣ አዴ?» ብላ ሳቀች።

«ልጁማ ይኸው ተጋድማለች» አሉ አዴ በኔ ላይ እያመለከቱ። «በዚህ ዕድሜዬ ወለድኩ፣ ወላሂ! ጥርስ አውጥታ ነው የተወለደችው፣ ዶሮዬን በላችብኝ።»

ሆዴን እያመመኝ ሳቅሁ።

እየጠነከርኩ በመጣሁ ሰሞን ነው እነ ጓድ ስንዱ የመጡት። ጓድ ስንዱ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ያስወረደችልኝን ሴት ስም ከኔ ወስዳ ሴትየዋን ልታሳስር፣ እኔን ደግሞ ስብሰባ ላይ አቁማ ለሰፈሩ ልጆች መቀጣጫ ልታደርገኝ አስባለች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚቀበለኝ የለም፤ ያቺ ሴትም ከነልጆቿ ትጠፋለች። ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትላለች። ከኋላ ደግሞ አክስቴ አለች፤ ቤቱን ያሳየችው እሷ ናት።

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። እግሬ ገና አልጸናም፤ ብሮጥም የት?

አዴ ዘሀራ በርጩማቸውን በራፉ መሐል አድርገው ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍሉ ነበር። አልተነሡም።

«ልጅቷን ጥሪልን» አለች ጓድ ስንዱ።

«አራስ አለች።»

«የምን አራስ?»

«አራስ ናታ። ከፀሐይ ነው የመጣችሁት፣ እንዲህ እንደሞቃችሁ አራስ ቤት አይገባም፣ ምች ይመታታል። ጥላው ሥር ተቀመጡና ብረዱ። ወንዱ ግን ቢበርድም አይገባም። ባዶ እጅም አይገባም። ምን ይዛችኋል?»

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አየ። እውነቴን ነው፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ጠመንጃውን አየና ከጀርባው ደበቀው።

«አዴ ዘሀራ፣ በአብዮት አትቀልጂ! አራስ ከሆነች ሕፃኑ የታለ?»

አዴ ያን ጊዜ ኮረሪማውን አስቀመጡ።

«አራስን ልጅሽ የታለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ስንዱ፣ የመጀመሪያ ልጅሽ ሞቶ የተወለደ ጊዜ እኔ ገንፎ ይዤ አልመጣሁም? ሕፃኑ የታለ አልኩሽ? እንደ አራስ ተኝተሽ፣ እንደ አራስ አልቅሰሽ፣ እንደ አራስ አላበላሁሽም?»

ጓድ ስንዱ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ቆይቶ አክስቴ «የሷና የዚህች አንድ ነው?» አለች።

«አንቺ ዝም በይ» አለቻት ጓድ ስንዱ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ለአብዮት ጠባቂው «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አለችው። እሱ ከሄደ በኋላም ትንሽ ቆማ፣ ወደ መጋረጃው አይታ ሄደች። አክስቴ ብቻዋን ግቢው ውስጥ ቀረች፤ የሚያስቀምጣት ሲጠፋ እሷም ሄደች።

በማግስቱ ከጓድ ስንዱ ቤት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ መጣ። የዚያችን ሴት ስም የሚጠይቀኝ ሰው ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ቅቤውን በላሁት። እሷን ግን ይቅር አላልኳትም፤ አራስ ቤት ጠመንጃ ይዛ መጥታለች።

ትምህርት ቤት ስመለስ የት ነበርሽ ተባልኩ። «ወባ ይዞኝ» አልኩ። ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሊገድለኝ የነበረው ውሸት ክፍሌ አስገባኝ። ይህን የምጽፈው ውሸት ይጠቅማል ለማለት አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ዋሽታችሁ ትኖሩ ይሆናል፣ ለሚያክማችሁ ሰው ግን አትዋሹ። ካስወረዳችሁ በኋላም ሆነ ራሱ ከወረደ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ብርድ ካንቀጠቀጣችሁ፣ ከእምብርት በታች ካመማችሁ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱና እውነቱን ተናገሩ። ይሳደቡ። ስድብ አይገድልም፤ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ስድብ መፍራቴ ነው። ዛሬ እኔ ያኔ ያጣሁት በር ለብዙዎቻችሁ ተከፍቷል ይሉኛል። እንግዲያው ግቡበት።

ሲስተር አስካለን ከዓመት በኋላ ሒርማታ ገበያ አየኋቸው። ቀረብ ብዬ እጅ ነሣሁ። እንደማያውቁኝ አዩኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አለፉ። ለረጅም ጊዜ ቅር ብሎኝ ኖረ፤ ረስተውኝ ነው ወይስ ንቀውኝ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ከጎኔ የክፍል ጓደኞቼ ነበሩ። የት ተዋወቃችሁ ቢባል ምን ይባላል? ከመጋረጃው አይወጣም ያሉት ነገር ገበያ መሐል እንኳ አልወጣም። በሕይወቴ ቃሉን እንዲህ የጠበቀልኝ ሰው አላውቅም፤ ወንድም ሴትም።

አክስቴ ከዚያ በኋላ በየደረሰችበት «እሷ እንግዲህ ማሕፀኗ ተበላሽቷል፣ አትወልድም» ትል ነበር። እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ ሲስተሯም ሊሆን ይችላል ብለውኝ ነበር፣ አልዋሹኝም። አገባሁ። ቆየሁ። ከዚያ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ።

አራስ ቤቴ ሞልቶ ነበር። በራስጌዬ፣ የእናት ቦታ፣ ያስቀመጥኩት አዴ ዘሀራን ነው፤ እናቴም ቅር አላላትም፣ ታሪኩን ነግሬያታለሁ። ቀጥሎ አክስቴ ገባች። በነጭ ነጠላ፣ ስኳር ይዛ። ያን ጊዜም ስኳር ወርቅ ነበርና ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጣል አደረጉበት። ከእግርጌዬ አስቀመጠችው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ ልጅ» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝም አውቃለሁ።

«ማርያም ታኑርዎ፣ እትዬ» አልኩ። «ሁለተኛዬ ነው። ለመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ነበሩ።»

አክስቴ የነጠላዋን ጥለት ያዘች፣ ለቀቀች። አዴ ዘሀራ ቀና አላሉም፤ ገንፎውን በማንኪያ አንስተው ወደ አፌ አስጠጉት።

«ይቀዘቅዛል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «ብይ።»